ደንበኛ የሌለው ባንክ

በ1973 እ.ኤ.አ. አንድ ትልቅ ባንክ 1,000 ቅርንጫፎቹን፣ 10,000 ገንዘብ ከፋዮቹንና 10 ሚሊዮን የደንበኛ ሂሳቦቹን በኮምፒውተር ለማገናኘት ተነሣ። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ሥርዓቱ በሰከንድ 100 የገንዘብ እንቅስቃሴዎችን መመዝገብ ነበረበት። የዘመኑ ኮምፒውተር ሻጮች ግን የማሽናቸውን ጉልበት የሚናገሩት ፕሮሰሰሩ በሰከንድ ስንት ሚሊዮን ትእዛዝ እንደሚፈጽም በመቁጠር ነበር። ይህ ቁጥር የባንኩን ጥያቄ አይመልስም። በመስኮት ላይ ያለው ገንዘብ ከፋይ የሚጠብቀው ፕሮሰሰሩን ብቻ አይደለም፤ ዲስኩን፣ የመገናኛ መስመሩንና ያንኑ መዝገብ ለመንካት ተራ የያዙ ባልደረቦቹንም ይጠብቃል።

ፍጥነትን መለካት የሚጀምረው ለማሽኑ ምን ሥራ እንደሚሰጠው ከመወሰን ነው። ባዶ አይሱዙ በሜዳ ላይ የሚሮጠው ፍጥነት፣ እህል ጭኖ የዓባይን በረሃ ሽቅብ ሲወጣ ምን እንደሚሆን አይናገርም። ኮምፒውተርም የሚመዘነው በሚሸከመው የሥራ ጫና ነው። ችግሩ እውነተኛውን ሥራ ለፈተና ማግኘት አለመቻሉ ነው። ባንክ የደንበኞቹን መዝገብ ለሻጭ አሳልፎ አይሰጥም፤ ገና የሚከፈት ቅርንጫፍም ዛሬ ደንበኛ የለውም። ስለዚህ መሐንዲሶች እውነተኛውን የሚመስል ሥራ ራሳቸው ይፈጥራሉ።

ከቀደምቶቹ አንዱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ የተወለደው ዌትስቶን ነው። ሃሮልድ ከርኖውና ብራያን ዊችማን የሳይንስ ስሌት ፕሮግራሞች የትኛውን ትእዛዝ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሙ ከሚያሳይ ቆጠራ ተነሥተው፣ ያንኑ ስብጥር የሚደግም አጭር ፕሮግራም አዘጋጁ። በ1984 ራይንሆልድ ዋይከር ክፍልፋይ ቁጥር ለማይነኩ ፕሮግራሞች የሚሆነውን ድራይስቶንን አስከተለ። ድራይስቶን በብዙ ማሽኖች ላይ ቢሠራጭም ሁለት ድክመቶች ነበሩበት። ፕሮግራሙ ትንሽ ስለሆነ በፕሮሰሰሩ የቅርብ ማህደር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይገባል፤ ዋናው ሚሞሪ አይፈተንም። ከስሌቱ ውጤቶች ብዙዎቹን ደግሞ ማንም አይጠቀምባቸውም፤ ጎበዝ ኮምፓይለር ይህን ሲያይ ሥራውን ከነጭራሹ ይሰርዘዋል። ማሽኑ ሳይፈጥን ቁጥሩ ያድጋል።

የባንኩን ጥያቄ ወደ ሕዝብ ያመጣው ታንደም በተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ይሠራ የነበረውና በኋላ፣ በ1998፣ የቱሪንግ ሽልማት የተቀበለው ጂም ግሬይ ነው። ሚያዝያ 1 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. ዳታሜሽን በተሰኘው መጽሔት አንድ ጽሑፍ ወጣ። ግሬይና 24 ባልደረቦቹ የተሳተፉበት ቢሆንም የደራሲው ስም በታተመበት ቦታ የተጻፈው «ስሙ ያልታወቀና ሌሎች» የሚል ነበር። ጽሑፉ ሦስት ፈተናዎችን አቀረበ፤ ከሦስቱ ታዋቂ የሆነው ዴቢትክሬዲት ነው።

በዴቢትክሬዲት አንድ ምናባዊ ደንበኛ ገንዘብ ያስገባል ወይም ያወጣል። ኮምፒውተሩ የደንበኛውን ሂሳብ፣ የገንዘብ ከፋዩን ሳጥንና የቅርንጫፉን ቀሪ ያስተካክላል፤ ድርጊቱን በታሪክ መዝገብ ያሰፍራል፤ ከዚያም ለመስኮቱ መልስ ይልካል። ከእነዚህ ለውጦች አንዱ ቢከሽፍ ሌሎቹም ይሰረዛሉ። ሥራው ትንሽ ነው፤ ሆኖም ኔትወርኩን፣ ሚሞሪውን፣ ዲስኩንና የዳታቤዙን ቁልፍ አያያዝ በአንድ ጊዜ ያስጨንቃል።

የፈተናው ጥበብ ያለው በደንቦቹ ውስጥ ነው። በሰከንድ አንድ ግብይት እፈጽማለሁ የሚል ሻጭ 10 ቅርንጫፎች፣ 100 ገንዘብ ከፋዮችና 100,000 ሂሳቦች ያሉት ባንክ ማቆም አለበት፤ በሰከንድ መቶ የሚል ደግሞ የዚህን መቶ እጥፍ። አለበለዚያ ባንኩ ሁሉ ሚሞሪ ውስጥ ይገባና ዲስኩ ሥራ ይፈታል። ከደንበኞቹ 15 በመቶው ሂሳባቸው በሌላ ቅርንጫፍ ያለ መሆን አለበት፤ ይህም ሻጩ ባንኩን በየቅርንጫፉ ቆራርጦ እርስ በርስ በማይነጋገሩ ማሽኖች ላይ እንዳያድል ነው። ከግብይቶቹ 95 በመቶው ከአንድ ሰከንድ በታች ምላሽ ማግኘት ይኖርባቸዋል። የአምስት ዓመት ወጪውም ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ይነገራል።

ያ የ95 በመቶ ደንብ ልብ ሊባል ይገባዋል። አማካይ የምላሽ ጊዜ የዘገዩትን ይሸፍናል፤ በመስኮት ፊት ቆሞ የሚበሳጨው ግን የዘገየበት ሰው ነው። የኮምፒውተር ተመራማሪዎቹ ጄፍ ዲንና ሉዊስ ባሮሶ በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ ነገሩ በትልልቅ ሥርዓቶች እንደሚብስ አሳይተዋል። አንድ ሰርቨር ከመቶ አንዴ ብቻ ከአንድ ሰከንድ በላይ ቢቆይና አንድ ጥያቄ የመቶ ሰርቨሮችን መልስ መሰብሰብ ቢኖርበት፣ ከጥያቄዎቹ 63 በመቶው ከአንድ ሰከንድ በላይ ይወስዳሉ።

ደንቡን የሚያስከብር አካል ግን አልነበረም። ሻጮች ዴቢትክሬዲትን ኔትወርኩንና ገንዘብ ከፋዩ በግብይቶች መካከል የሚቆይበትን ጊዜ እያወጡ፣ ቲፒ1 በሚል ስም አስኬዱት፤ የሚያስደንቁ ቁጥሮችም አስታወቁ። በነሐሴ 1988 የኢንዱስትሪው ተንታኝ ኦምሪ ሰርሊን ስምንት ኩባንያዎችን አሰባስቦ የግብይት አፈጻጸም ምክር ቤትን፣ ቲፒሲን፣ መሠረተ። ምክር ቤቱ በ1989 ቲፒሲ-ኤ የተባለውን የተስተካከለ የባንክ ፈተና አወጣ። ውጤት የሚያሳውቅ ሁሉ የማሽኑን አደረጃጀትና ዋጋ ዘርዝሮ እንዲያትም አስገደደ፤ ቆይቶም ገለልተኛ ኦዲተር እንዲያረጋግጠው ጠየቀ። ለፈተናው ብቻ ተብሎ የሚሠራ፣ ደንበኛ በሥራው ላይ የማይጠቀምበት ሶፍትዌርም ተከለከለ።

ፈተናን ብቻ የሚያሸንፍ ማመቻቸት በሌላ ቦታም ታይቷል። በዚያው በ1988 የተቋቋመው ስፔክ የተባለ ድርጅት ፕሮሰሰሮችን በአሥር ፕሮግራሞች ይፈትን ነበር። ከአሥሩ አንዱ ማትሪክስ300 ይባላል፤ የቁጥር ሰንጠረዦችን ያባዛል። የኮምፓይለር ሠሪዎች የሰንጠረዡን ስሌት ለፕሮሰሰሩ የቅርብ ማህደር በሚመች ቅደም ተከተል ማዋቀር ሲችሉ የዚህ ፕሮግራም ውጤት ብቻውን ተተኮሰ፤ አማካዩንም ይዞ ወጣ። ስፔክ በ1992 ባወጣው ስብስብ ማትሪክስ300ን አስቀረው።

ቲፒሲም በዚያው ዓመት ከባንክ ወደ መጋዘን የተሻገረ አዲስ ፈተና አወጣ። ቲፒሲ-ሲ የጅምላ አከፋፋይ ድርጅትን ይመስላል። አንድ መጋዘን 10 ወረዳዎችን፣ እያንዳንዱ ወረዳ 3,000 ደንበኞችን ያገለግላል፤ የሚሸጡት ዕቃዎች 100,000 ዓይነት ናቸው። ሥራውም አንድ ዓይነት አይደለም፤ አዲስ ትዕዛዝ፣ ክፍያ፣ የትዕዛዝ ጥያቄ፣ ማድረስና የክምችት ቆጠራ በተወሰነ መጠን ይደባለቃሉ። ነጥብ ሆኖ የሚቆጠረው በደቂቃ የተፈጸመው አዲስ ትዕዛዝ ነው። የመጠን ደንቡ እዚህም አለ፤ ከአንድ መጋዘን በደቂቃ ከ12.86 በላይ ትዕዛዝ ማውጣት አይቻልም። በ2020 ኦሽንቤዝ የተባለው የቻይና ዳታቤዝ በደቂቃ ከ707 ሚሊዮን በላይ ትዕዛዝ ሲያስመዘግብ፣ ከ55 ሚሊዮን በላይ ምናባዊ መጋዘኖችን መሸከም ነበረበት።

እንዲህ ያለ ፈተና ብዙ ገንዘብ ይፈጃል። ሐመርዲቢ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ያንኑ የመጋዘን ሥራ በአንድ ሰርቨር ላይ ለማስኬድ ያስችላል። በተለመደው አሠራሩ ግን የተጠቃሚውን የማሰቢያ ጊዜ ስለሚያስቀር ሥራውን ቲፕሮክ-ሲ ይለዋል፤ ቲፒሲ ባልተመረመረ ውጤት ላይ የራሱን መለኪያ ስም መጠቀም አይፈቅድምና። ቁጥሩ ከኦሽንቤዝ ጋር አይወዳደርም። ዲስክ የለወጠ ወይም የዳታቤዙን ስሪት ያሳደገ የሥርዓት አስተዳዳሪ ግን ያንኑ ሥራ በፊትም በኋላም ደጋግሞ አስኪዶ የራሱን ማሽን ከራሱ ጋር ማነጻጸር ይችላል።