ቃል የሌለው ዜማ፤ የዋልያስ ባንድ ድምፅና አልበሞች

[መክፈቻ፦ የቀበና ወንዝ ፏፏታ፤ ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን ደወል፤ ኦርጋን ቀስ ብሎ ይገባል]

ተራኪ፦ ከእንጦጦ ጋራ ፈልቆ፣ በባሕር ዛፉ ጥላ ሥር እየተጥመዘመዘ ወደ ከተማይቱ መሀል የሚወርደው የቀበና ወንዝ ስሙን ያወረሰው ይህ ሰፈር፣ የጥንት ለጋሲዮኖች አጥር፣ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ከተራራው የሚወርዱ እናቶች መንገድ፣ የታክሲ ረዳቶች «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ!» እያሉ የሚጣሩበት ጎዳና ነው። ጆሮውን ለሰጠ ሰው ሁለት ዓይነት ዜማ ያሰማል፤ አንደኛው ሌሊት ከየአድባራቱ የሚሰማው ማሕሌት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሲመሽ ከየመጠጥ ቤቱ ደጃፍ የሚወጣው የኦርጋን፣ የሳክስፎንና የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ነው።

ክቡራን አድማጮቻችን፤ በዛሬው ዝግጅታችን የምናወሳው ከዚህ ከሁለተኛው ወገን የሆነውን፣ ነገር ግን ሥሩ ከአንደኛው ያልራቀውን፣ ዘፋኝ ሳይኖረው የሚዘፍነውን ዋልያስ ባንድን ነው።

በምዕራቡ ዓለም ከታላላቆቹ የሸክላ ኩባንያዎች ጥላ ወጥተው፣ በራሳቸው ገንዘብና በትንንሽ አሳታሚዎች ርዳታ አልበሞቻቸውን ያሳተሙ የሮክ ባንዶች «ኢንዲ» ተብለው ሲመሰገኑ እንሰማለን። ምስጋናው ይገባቸዋል። ነገር ግን ለሙዚቀኛ በራስ መቆም ማለት ምን ያህል ብርቱ ነገር እንደ ሆነ ለመረዳት፣ እኛ አዲስ አበባን ለቅቀን መሄድ አያሻንም።

[ድምፅ፦ የነሐስ ማርሽ ባንድ፤ ጥቂት ቆይቶ ይርቃል]

ተራኪ፦ ከቀበና ድልድይ ብዙም ሳይርቅ፣ በዛፎች የተከበበው የሩስያ ኤምባሲ ግቢ ይገኛል። ከዓድዋ ድል በኋላ ለዳግማዊ ምኒልክ የነሐስ ነፋሽ መሣሪያዎች በስጦታ የላከው የዚያው አገር ንጉሥ፣ ዳግማዊ ኒኮላስ ነበርና፣ የዘመናዊው ሙዚቃችን ታሪክ ሲጻፍ ይህ ስጦታ ሳይነሣ አያልፍም። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ የአርመን እጓለ ማውታ ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መምህርነት የቤተ መንግሥት የሙዚቃ ጓድ አቋቋሙ። ሙዚቃ በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስ ሠራዊት፣ በምድር ጦርና በየቴአትር ቤቱ አደገ፤ ሙዚቀኛውም ደመወዝተኛ፣ ባለ ማዕርግና ባለ ደንብ ልብስ ሆነ።

በእውነቱ ይህ ሥርዓት ብዙ በጎ ነገር አድርጓል፤ ኖታ አስተምሯል፣ መሣሪያ አቅርቧል፣ ሙያውን ከንቀት አድኗል። ይሁን እንጂ ትሮምፔቱም፣ ትሮምፔቱን የሚነፋውም ሰው የመንግሥት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ብቻ ስለ ሰጠ፣ አንድ ሙዚቀኛ በገዛ ፈቃዱ ሥራውን አሳትሞ ለገበያ ማቅረብ አይችልም ነበር። ይህን አጥር እ.ኤ.አ. በ1969 የጣሰው አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች በህንድ አገር አሳትሞ ካመጣ በኋላ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አወጣ። ያ ሰው ባይደፍር ኖሮ ዛሬ የምናወራው ነገር አብዛኛው ባልተገኘ ነበር።

ዋልያስ የተወለደው ይህ በር በተከፈተበት ዘመን ነው። በምሽት ክበቦች የነበረው ልማድ መሣሪያው የክበቡ ባለቤት፣ ሙዚቀኛውም የባለቤቱ ቅጥረኛ እንዲሆን ነበር፤ ባለቤቱ ሲቈጣ ባንዱ ይበተናል፣ መሣሪያው ግን ለሚቀጥለው ቅጥረኛ እዚያው ይቆያል። የዋልያስ ልጆች ገንዘባቸውን አጠራቅመው የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በጊዜው ይህን ማድረግ ማለት አራሽ የራሱን በሬ እንደ መግዛት ነበርና፣ ከዚያ በኋላ ከሆቴል ጋር የሚዋዋሉት እንደ ሎሌ ሳይሆን እንደ ባለ ንብረት ሆነ። ስማቸውንም በሰሜን ተራሮች ብቻ ከሚኖረው ከዋልያ ወሰዱ። ብዙ ዓመትም በአዲስ አበባ ሒልተን መድረክ ላይ ነገሡ።

የባንዱ መሪ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1946 በደብረ ብርሃን ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ የመጣ፣ ገና በ14 ዓመቱ በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ገብቶ ኖታ የተማረ፣ አኮርዲዮን አንግቦ በየክበቡ የዞረ፣ ኋላም ኦርጋን ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ከእርሱ ጋር ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎንና በፍሉት፣ ዮሐንስ ተኮላ በትሮምፔት፣ ማሕሙድ አማን በጊታር፣ መላኬ ገብሬ በቤዝ፣ ተማረ ሐረጉ በድራም፣ ግርማ በየነም በፒያኖና በቅንብር ተሰለፉ።

[ድምፅ፦ ዝግ ያለ ኦርጋን፤ ከሥሩ ቤዝ]

ተራኪ፦ እ.ኤ.አ. በ1974 የመንግሥት ለውጥ በመጣ ጊዜ፣ ከተማይቱ በሰዓት እላፊ ተዘጋች። የእኩለ ሌሊቱ ሰዓት ከደረሰ በኋላ በመንገድ ላይ መገኘት ለሞት የሚያበቃ ነበር፤ በቀበናም እንደ ሌላው ሰፈር ሁሉ በሩን ቀድሞ ያልዘጋ ሰው አልነበረም። በክበብ ውስጥ የተገኘ ታዳሚም ሌሊቱ ሳይነጋ መውጣት አይችልምና፣ በሩ በላዩ ተቈልፎ፣ ባንዱም ከእርሱ ጋር አብሮ ተዘግቶ፣ እስከ ንጋት ይጫወት ነበር። እስቲ አስቡት፤ ውጭ ጥይት፣ ውስጥ ዳንስ፤ አንድ ዜማ ሦስት ደቂቃ ሳይሆን እስኪነጋ የሚረዝምበት ሌሊት። የዋልያስ ሙዚቃ ያ ትዕግሥት፣ ያ ለማለቅ አለመቸኰል፣ ያ አንድን ሐረግ ደጋግሞ እስኪያልብ ድረስ የማሸት ልማድ፣ እኔ እንደማምነው በከፊል የተገኘው ከነዚያ ሌሊቶች ነው።

ያ ዘመን ቃል የሚመረመርበት ዘመን መሆኑንም አንርሳ። ግጥም ወደ ሳንሱር ይቀርባል፤ ስንኝ በስንኝ ይታያል፤ ወርቁ ከሰሙ ተለይቶ ይፈተሻል። ኦርጋንን ግን ምን ብሎ የሚከስሰው አለ? ዘፋኝ የሌለው አልበም በአገራችን እምብዛም ባልተለመደበት ጊዜ ዋልያስ የመሣሪያ ብቻ ሙዚቃ ማሳተሙ የጥበብ ድፍረት ነው፤ ከዚያም በላይ ለአድማጩ የተተወ ነጻ ስፍራ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በልቡ የራሱን ግጥም ይጨምርበታልና።

እ.ኤ.አ. በ1977 በካይፋ ሸክላ ቤት ታትሞ የወጣው «ቼ በለው» የዚህ ሐሳብ ፍጻሜ ነው። ሙላቱ አስታጥቄም በዚህ አልበም ተሳትፏል። ከአልበሙ ውስጥ የግርማ በየነ ድርሰት የሆነውን «ሙዚቃዊ ስልት»ን በእርጋታ እናዳምጥ።

[ሙዚቃ፦ «ሙዚቃዊ ስልት»፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ዝቅ ይላል]

ተራኪ፦ ልብ በሉ። ቤዙ አንድን አጭር ሐረግ ይዞ አይለቅም፤ ልክ በማሕሌት ከበሮው እየረገጠ መዘምራኑን እንደሚሸከማቸው፣ እርሱም ሌሎቹን ሁሉ ይሸከማቸዋል። ድራሙ አይጮኽም። ነፋሾቹ በአንድ ቃል ተነሥተው ዋናውን ዜማ ካሰሙ በኋላ ዝም ይላሉ፤ ዝም ማለታቸውም ከመናገራቸው የማያንስ ነው። በዚያ ክፍተት ውስጥ ኦርጋኑ ይገባል፤ ተጫዋቹ ጣቱን ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው በቀጥታ አያሻግርም፤ እንደ ማሲንቆ ተጫዋች ድምፁን ይነቀንቀዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያዘገየዋል። አምስቱ ድምፆች፣ ትዝታም ባቲም አምባሰልም አንቺ ሆዬም የሚታነጹባቸው፣ እዚህ ከአሜሪካ የሶልና የፈንክ ምት ጋር ተጋብተዋል፤ ነገር ግን ሙሽሮቹ ሁለቱም የየራሳቸውን መልክ አልጣሉም። ብዙ ድቅል ሙዚቃ አንዱ ሌላውን ሲውጠው እናያለንና፣ ዋልያስ ከእነዚያ የሚለየው በዚህ ሚዛን ነው።

ይህ ዜማ ኋላ በአሜሪካ ባንዶች ተደጋግሞ ተጫውቷል። የሚጫወቱት ሰዎች አብዛኞቹ አማርኛ አያውቁም፤ ማወቅም አላስፈለጋቸውም።

ከ«ቼ በለው» በፊት እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው «ትዝታ» የተሰኘው ካሴት ዝግ ያለ፣ ሐዘን የተቀላቀለበት ሥራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር በግዮን ሆቴል የቀረጸው «ወደ ሐረር ጉዞ» ደግሞ ሰፊና ቀለል ያለ መንፈስ አለው። በአልበምነቱ ምሉእ የሆነው «ቼ በለው» መሆኑ አያከራክርም። በክረምት ማታ፣ ቀበና ሞልቶ ሲጮኽ፣ መስኮት ዘግቶ የሚያዳምጡት ግን «ትዝታ» ነው፤ የእኔም ልብ ወደ እርሱ ያደላል።

[ድምፅ፦ የአውሮፕላን ድምፅ፤ ዝምታ]

ተራኪ፦ እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ድምፃውያንን ይዞ ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ለመጫወት ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ጉዞው ሲፈጸም ከፊሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላኬ ገብሬ ግን እዚያው ቀሩ። ዋልያስ በዚህ ሁኔታ ለሁለት ተከፈለ። በዋሽንግተን የቀሩት ዙላ የሚባል ባንድ አቋቁመው ጥቂት ዓመታት ተጫወቱ፤ ከዚያ በኋላ የዕለት እንጀራ ጥያቄ መጣ።

እ.ኤ.አ. በ1985 ኃይሉ ብቻውን ወደ ስቱዲዮ ገብቶ፣ የልጅነት አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋሕዶ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀረጸ። ባንድ የለም፤ አዳራሽ የለም፤ አንድ ሰው ብቻውን ያገሩን ዜማ ከማሽን ጋር ያወራል። እኔ ይህን ካሴት ከስደት ሙዚቃዎቻችን ሁሉ በላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ምክንያቱም ናፍቆቱን በልቅሶ አይናገርም፤ አኮርዲዮኑ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ማሽኑ ሳይታክት ይመታል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ራሱ አገርና ስደት ነው።

ከዚያ በኋላ ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ። በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራውን ሲጠብቅ፣ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ትንሽ ኪቦርድ አውጥቶ፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። ተሳፋሪ ሲመጣ ኪቦርዱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ዓመታት በዚህ ዓይነት አለፉ፤ መድረክ አልነበረውም፣ ልምምዱ ግን አልተቋረጠም። ሙያን ማክበር ከዚህ ሌላ ምን ምስክር ይሻል?

የሙዚቃው መመለስ ከባሕር ዳር ጀመረ። ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ አሜሪካዊ በባሕር ዳር ያገኘውን «ሸሞንሟናዬ» ሰምቶ ባለቤቱን ፈልጎ አገኘው፤ እ.ኤ.አ. በ2013ም ካሴቱን በሸክላ አሳተመው። «ቼ በለው»ም በ2014፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016፣ «ትዝታ» በ2021 ተከታትለው ወጡ። ባለ ታክሲው እንደ ገና ወደ ዓለም መድረክ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ቶኒ በክ ከተባለ ድራመኛና ማይክ ማይኮቭስኪ ከተባለ ቤዘኛ ጋር «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም፣ በ2020ም «የኔ ምርጫ»ን አወጣ። «ላላ በሉ»ን የሚዘጋው «የፍቅር እንጉርጉሮ» የተባለው የፒያኖ ሥራ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚደረግ የብቻ ጸሎት ይመስላል። ግርማ በየነም ከረጅም ዘመን ዝምታ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ አካለ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 አልበም አሳተመ።

በአገር ቤትም ችቦው አልጠፋም። ጃኖ ባንድ የሮክን ጊታር ከአገር ዜማ ጋር አጋጥሞ፣ በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ፣ የዋልያስን መንገድ በሌላ ጫማ ሄዶበታል፤ ድምፁ ይልቅ ብርቱ ነው፣ ሚዛኑ ግን ገና የዋልያስን አይደርስም።

[ሙዚቃ፦ ኦርጋን፤ በዝቅታ ይቀጥላል]

ተራኪ፦ ይህ ሁሉ ሀብት ወደ እኛ የተመለሰው አንድ መንገደኛ አንድ ካሴት ስለ ገዛ ነው። ሰብሳቢው ያን ቀን ሌላ ሱቅ ገብቶ ቢሆን ኖሮስ? የካሴት ክር በሙቀትና በእርጥበት ይበላሻል፤ የከተማችን ሰፈሮች በሚፈርሱበትና ሰው ዕቃውን በጥድፊያ በሚያነሣበት በዚህ ጊዜ ደግሞ፣ በየቤቱ ጓዳ በካርቶን የተቀመጠ ሙዚቃ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። ስለዚህ በቀበናም ሆነ በሌላ ስፍራ የምትኖሩ ክቡራን አድማጮቻችን፣ የአባቶቻችሁን ካሴትና ሸክላ ከመጣላችሁ በፊት ሽፋኑን አንብቡ፤ የተጫዋቾቹን ስም፣ የታተመበትን ዓመትና የሙዚቃ ቤቱን ስም በወረቀት ጻፉ፤ የሚያጫውት መሣሪያ ካላችሁ ወደ ዲጂታል አስገልብጡ፤ ከሌላችሁም ዕቃውን በደረቅና ቀዝቃዛ ስፍራ አኑራችሁ፣ ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ወይም ወደ አንድ የሙዚቃ መምህር ውሰዱት።