የሞት ፍርድ ይግባኝ በሱዳን፦ 15 ቀንና ሁለት መንገድ

በኅዳር 2013 ዓ.ም. የትግራዩን ጦርነት ሸሽቶ በሉግዲ በኩል ወደ ሱዳን የተሻገረ ሰው መጀመሪያ ካረፈባቸው ቦታዎች አንዱ በገዳሪፍ ግዛት ያለው መንደር 8 ነው። በላይኛው አትባራና በሰቲት ግድብ ምክንያት ከቀያቸው ለሚነሡ ሱዳናውያን የተሠራው መንደር ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች መቆያ ሆነ። ከዚያ ብዙዎቹ ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ ተወሰዱ። በነዚህ ቦታዎች የሚኖር ሰው ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ድንበሩን ከተሻገረ ጀምሮ የሚዳኘው በሱዳን ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. የ1951 የስደተኞች ስምምነትም ስደተኛው የተጠለለበትን አገር ሕግ እንዲያከብር ያዝዛል፤ በዚያው ልክ ፍርድ ቤት የመቅረብና እንደ አገሬው ሰው የሕግ እርዳታ የማግኘት መብት ይሰጠዋል።

ጉዳዩ የነፍስ ግድያ ሲሆን ይህ መብት የሞትና የሕይወት ነገር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው የሱዳን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 130 መሠረት አስቦ የገደለ ሰው ቅጣቱ ሞት ነው፤ ይህም ቂሳስ ይባላል። ቂሳስ የሟች ወራሾች መብት ነው። ዳኛው ጥፋተኛ ካለ በኋላ ቤተሰቡን ይጠይቃል፦ ደም በደም ትፈልጋላችሁ፣ ዲያ የሚባለውን የደም ካሳ ትቀበላላችሁ ወይስ ይቅር ትላላችሁ? የአገሪቱ መሪ እንኳ ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ ይህን ፍርድ ይቅር ሊል አይችልም።

በአገራችን ነገሩ ሌላ ነው። ሽማግሌ ገብቶ ደም ቢያደርቅም ዐቃቤ ሕግ ክሱን አይተውም፤ እርቁ ቢበዛ ቅጣት ያቀልል ይሆናል። የሞት ፍርድ ደግሞ ርዕሰ ብሔሩ ካላጸናው አይፈጸምም። ስለዚህ ከአማራም ከትግራይም የመጣ ሰው «ሽምግልናው ለሰላም ነው፣ ፍርዱን የሚለውጠው ጠበቃ ነው» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሱዳን ላይ ግን ሽምግልናው ራሱ የፍርዱ አካል ነው።

ቤተሰቡ እምቢ ካለስ? ያን ጊዜ የሚቀረው ይግባኝ ነው፤ ይግባኝ ምን ማድረግ እንደሚችል ደግሞ ከኑራ ሁሴን ጉዳይ የተሻለ የሚያሳይ አላውቅም። ኑራ ገና ልጅ ሳለች ያለ ፈቃዷ ተዳረች። አምልጣ ወደ አክስቷ ዘንድ ሄደች፤ ሦስት ዓመት ያህል ቆይታ ተታልላ ተመለሰች። ባልየው ዘመዶቹ ይዘውለት ደፈራት። በማግስቱ ሊደግም ሲመጣ በቢላ ወጋችው፤ ሞተ። ግንቦት 2 ቀን 2010 ዓ.ም. በኦምዱርማን ችሎት የሟች ቤተሰብ ዲያውን አንቀበልም አለ፤ የ19 ዓመቷ ወጣት ሞት ተፈረደባት። ጠበቆቿ ይግባኝ ለማለት የነበራቸው ጊዜ 15 ቀን ብቻ ነበር። በዚያው ጊዜ ውስጥ ይግባኙን አስገቡ፤ ሰኔ 19 ቀን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሞት ፍርዱን ሽሮ በአምስት ዓመት እስራትና በ337,500 የሱዳን ፓውንድ ዲያ ለወጠው።

ሴትዮዋ ሰው አልገደለችም ያለ የለም። የተለወጠው የወንጀሉ ስም ነው። የሱዳን ሕግ በአንቀጽ 130 አስቦ መግደልን፣ በ131 ደግሞ ራስን ሲከላከሉ ወሰን ማለፍን ወይም ድንገት ተቆጥቶ መግደልን የመሰሉትን ለይቶ ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው እስከ አምስት ዓመት ነው የሚያሳስረው። ይግባኝ ሰሚዎቹ ዳኞች መዝገቡን አገላብጠው ፍርዱን ማጽናት፣ ቅጣቱን መለወጥ፣ ወንጀሉን ወደ ሌላ አንቀጽ ማዛወር፣ ጉዳዩን ወደ ሥር ፍርድ ቤት መመለስ ወይም ጨርሶ መሰረዝ ይችላሉ። የጸና የሞት ፍርድም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳያረጋግጠው አይፈጸምም።

በነፍስ ግድያ ያልነበረ፣ ግን ለገዳሪፍ ሰው ቅርብ የሆነ ሌላ ጉዳይም አለ። ማርያም ኢብራሂም የተወለደችው ገዳሪፍ ነው፤ ያሳደገቻት ኢትዮጵያዊት የኦርቶዶክስ ክርስቲያን እናቷ ናት። አባቷ ሙስሊም ስለሆነ ሃይማኖት ቀይረሻል ተብላ ግንቦት 7 ቀን 2006 ዓ.ም. ሞት ተፈረደባት። እርጉዝ ነበረችና ፍርዱ ወልዳ ሕፃኑን ሁለት ዓመት እስክታጠባ እንዲቆይ ተባለ፤ እስር ቤት ውስጥም ወለደች። ሰኔ 16 ቀን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነፃ ለቀቃት። ሃይማኖት መቀየርን በሞት የሚቀጣው አንቀጽ ራሱ በ2012 ዓ.ም. ተሽሯል። ኑራም ማርያምም የዓለም ዓይን ያረፈባቸው ነበሩ፤ በካምፕ ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ በእጁ ሰው የሞተበት የቀን ሠራተኛ ግን የሚጮኽለት የለም።

ለዚያ ሰው 15 ቀን በጣም ያንሳል እላለሁ። ፍርዱ በዓረብኛ ነው። ፖሊስ ጣቢያ የሰጠው የመጀመሪያ ቃል በማን አንደበት እንደተተረጎመ የሚጠይቅለት ከሌለ፣ «ሲመታኝ መታሁት» ያለው ቃል «መታሁት» ተብሎ ብቻ ተጽፎ ሊቀር ይችላል፤ በአንቀጽ 130 እና በ131 መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ እዚያች ቃል ላይ ነው። ሕጉ በሞት ለሚያስቀጣ ክስ ገንዘብ የሌለው ተከሳሽ ከፍትሕ ሚኒስቴር ጠበቃ እንዲቆምለት ይፈቅዳል፤ ሆኖም ተከሳሹ ራሱ ካልጠየቀ አይመጣለትም። ስለዚህ ዘመዶቹ መጀመሪያ ጠበቃ እንዲጠየቅለትና የፍርዱ ግልባጭ እንዲወጣለት ይሩጡ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የሁለቱንም ወገን ቋንቋ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ወደ ሟች ቤት ይሂዱ፤ ይግባኙ እስኪያልቅ አይጠብቁ። ከወራሾቹ ከፊሉ ይቅር ካለ ቂሳሱ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ፍርድ ቤቱ ሊወስን የሚችለው እስከ 10 ዓመት የሚደርስ እስራትና የዲያውን ነገር ነው።