ለአረጋውያን ስልክ ስለ ማስተማር

ስልክ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፣ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው የፈሩት ሰዎች ነበሩ ይባላል። ዛሬ በቤቴል ሰፈር ያሉት አባቶችና እናቶች ግን የሚፈሩት ስልኩን ሳይሆን የልጆቻቸውን ትዕግሥት ማጣት ነው። «አምጡት፣ እኔ ልሥራልዎት» ብሎ ከእጃቸው የሚወስድ ልጅ አገለገለ እንጂ አላስተማረም።

ነገሩም ቀላል አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ስልክ የገንዘብ ሣጥን ሆኗል። የምስጢር ቍጥሩም እንደ ማኅተም ነው፤ ባለማዕርግ ማኅተሙን ለአላፊ አግዳሚ እንደማይሰጥ ሁሉ፣ ሽማግሌም ቍጥሩን ከመሥሪያ ቤቱ ነኝ ብሎ ለሚደውል እንኳ ሊነግር አይገባውም። ነገር ግን አሠራሩን ያልተማረ ሰው ቍጥሩን ለሌላ ከመስጠት በቀር ምን ያደርጋል?

ስለዚህ ትምህርቱ እንደ ፊደል ቈጠራ ይሁን። የኔታ አንዱ ሳይጠና ወደ ሌላው እንደማያሳልፉ፣ መጀመሪያ መደወልና መቀበል፣ ቀጥሎ በባሕር ማዶ ያለውን ልጅ በምስል ማየት፣ በመጨረሻም ገንዘብ መላክ ይጠና። ጽሕፈቱ በትልቁ ይደረግላቸው፤ የሚነካውም የሽማግሌው ጣት ይሁን። ፊደል ላስቈጠሩን ወላጆች ይህን ማድረግ ብድርን መመለስ ነው።