ማዕዘን የሌለው ቤት

የቤት ለቤት ውጊያ ሥልጠና የሚጀምረው ከበር ነው። ደጃፍ ላይ የቆመ ወታደር የክፍሉን መሃል ያያል፤ በበሩ ግራና ቀኝ ያሉት ማዕዘኖች ግን ይሰወሩበታል። ውስጥ የመሸገው ሰው በበኩሉ በሩን ብቻ ቢጠብቅ ይበቃዋል። ስለዚህ ሠልጣኝ ደጃፍ ላይ እንዳይቆም ይማራል፤ አንዱ ወደ ግራ፣ ተከታዩ ወደ ቀኝ ይገባና ለኋለኞቹ በሩን ይለቃል። ኮሪደር ደግሞ ይብሳል፤ መከለያ የለውም፣ ከየትኛው በር ሰው ብቅ እንደሚልም አይታወቅም።

ይህ ስሌት የተሠራው ለአራት ማዕዘን ክፍል ነው። ከወረታ ከተማ ወጥተው ወደ ፎገራ ሜዳ ገጠር ሲዘልቁ የሚያገኙት ክብ ጎጆ ግን ማዕዘን የለውም። በሩ አንድ፣ ውስጡ ከፀሐይ ለመጣ ዓይን ጨለማ ነው። መሃል ምሰሶ ቆሟል፤ ግድግዳውን ተከትሎ መደብ አለ፤ ጓዳ በኩል ያለው ጎታ ሰው ይሰውራል። የከተማው ባለ ቆርቆሮ ቤት ባለ ማዕዘን ቢሆንም ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ነው፤ ጥይት አያስቀርም። እዚህ ክፍል የተተኮሰው ጎረቤት ቤት የተኛ ሕፃን ጋ ይደርሳል። በእኔ ግምት ከአገባብ ስልት ሁሉ የሚቀድመው ይህን ማወቅ ነው።

የቤቱ ነገር ሳይታሰብ ኃይል ብቻ ሲቀድም ምን እንደሚመጣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. አይተናል። የክብር ዘበኛ አዛዡ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ባስነሡት መፈንቅለ መንግሥት፣ መኳንንትና ሚኒስትሮች በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ነበር። ለንጉሠ ነገሥቱ የታመነው ጦር በታንክ ግቢውን ሲያጠቃ አጋቾቹ አረንጓዴው ሳሎን በተባለው ክፍል ውስጥ በታጋቾቹ ላይ ተኮሱ። ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻና ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ከሞቱት መካከል ናቸው። ታንክ አጥር ይጥሳል፤ ከአጥሩ እስከ ሳሎኑ ያለው ጊዜ ግን ለአጋቹ ተረፈ።

ለንደን በሚገኘው የኢራን ኤምባሲ እ.ኤ.አ. በ1980 ተመሳሳይ እገታ ሲደርስ፣ የብሪታንያ ኮማንዶዎች አስቀድመው የሕንፃውን አሠራር አጥንተው ተለማመዱ፤ በብዙ አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ገብተው ጉዳዩን በ17 ደቂቃ ጨረሱ። ያም ሆኖ በጥቃቱ ወቅት አንድ ታጋች ሞቷል።

ፎገራ ላይ ለሚሰማራ ኃይል በጣውላ የቆመ አራት ማዕዘን ክፍል ብቻውን መለማመጃ አይሆንም። አሠልጣኞች ክቡን ቤት ከነጎታው፣ ከነምሰሶው፣ ውስጡም ቤተሰብ እንዳለ ቆጥረው ያለማምዱ።