ጭስ የሌለው ከሰልና የማይታየው ጋዝ



ዛሬ የምናገረው ሁላችንም ስለምናውቀው፣ ነገር ግን እምብዛም ስለማንመረምረው የከሰል ምድጃ ነው። በአዲስ አበባ የቀበሌ ቤቶች ብዙ ቤተሰቦች በአንዲት ጠባብ ክፍል ያበስላሉ፣ ይመገባሉ፣ ይተኛሉ። እንጨት ሲነድ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳልና በሩ ወዲያው ይከፈታል። ከሰሉ ግን ደጅ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ ብልሃት ነው፤ በከፊልም ትክክል ነው፤ በመቀጣጠያው ሰዓት የሚወጣውን ብዙ ብናኝ ውጭ ያስቀራልና።

አደጋው ጭሱ ካለቀ በኋላ ባለው ጊዜ ነው። ፍም በአብዛኛው ካርቦን ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ሲቀር ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጣበቃል። ስለዚህ ሳንባ አየር እየሳበ ሰውነት ኦክስጅን ያጣል። ራስ ምታቱንና ማጥወልወሉን ብዙዎች የድካም ወይም የጉንፋን ምልክት አድርገው ይወስዱታል። በእርጉዝ ሴት ጋዙ በእንግዴ ልጅ አልፎ ወደ ፅንሱ ይደርሳል። በክረምት ብርዱን ፈርቶ በር ዘግቶ ከፍም አጠገብ የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለዚህ ጋዝ ያስቀመጠው የ24 ሰዓት አማካይ መጠን በሜትር ኪዩብ 4 ሚሊግራም ነው። አማካይ ግን ያዘናጋል። ቡና እስኪፈላ፣ ሦስተኛው እስኪጠጣ ከምድጃው ሥር የምትቀመጠው ሴት የምትተነፍሰውና ግድግዳ ላይ የተሰቀለው መሣሪያ የሚለካው አንድ አይደለም። ተማሪዎቼን መሣሪያውን ከአብሳይዋ ደረት ላይ አንጠልጥሉ እያልሁ የማሰለቻቸው ለዚህ ነው።

እንደ ላቀች ያሉ የተሻሻሉ ምድጃዎች ከሰል ይቆጥባሉ፤ ይህ ለድሃ ኪስ ትልቅ ነገር ነው። ከሰል መቆጠብና ከጋዙ መዳን ግን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ማታ ፍሙን ከመኝታ ክፍል ማውጣት ዛሬውኑ የሚቻል ነው፤ ከሰልን መተው ግን በቤተሰቡ ፈቃድ ብቻ አይወሰንም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በአንድ ቆጣሪ ብዙ አባወራ በሚጠቀምበት ግቢ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊጋግር አይችልም፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ተራ የሚባል ነገርም አይኖርም። ያን ጊዜ በየደጃፉ ከሰል ይቀጣጠላል።