ለጎረቤት ነው

ናርካን የሚባለውን በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት ከእኔ የሚገዛ አበሻ ሁሉ የሚገዛው ለጎረቤቱ ነው። ለራሱ፣ ለልጁ ወይም ለወንድሙ የገዛ እስካሁን አልገጠመኝም። በዚህ ስሌት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ደህና ጎረቤት የለም ማለት ነው።

እዚሁ ፋርማሲስት ነኝ። ስሜም የሱቁም ስም ይቅር። የማወራችሁን ግን ከካውንተሩ ወዲያ ሆናችሁ አትሰሙትም።

እንደ ሄሮይንና ኦክሲኮዶን ያለ ኦፒኦይድ በዝቶበት ትንፋሹ የደከመን ሰው የሚያነቃው ናርካን፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንደ ራስ ምታት ክኒን መደርደሪያ ላይ ይሸጣል። ይሸጣል ነው የሚባለው። እኛ ዘንድ እንዳይሰረቅ ተብሎ መስታወት ውስጥ ተቆልፎበታል። የፈለገ ሰው ደወል ይጫናል፤ ከዚያ በድምፅ ማጉያ ሠራተኛ ሲጠራ ሱቁ ሁሉ ይሰማል። ገመናውን በካፖርቱ ሸፍኖ የመጣ ሰው ይህን ሰምቶ የሚቆም ይመስላችኋል? ሳሙና ገዝቶ ይወጣል። ስንቱን በካሜራ አይቻለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ እዚህ መድኃኒቱንም ደብቀነዋል።

የዋጋውን ነገር ጠጋ በሉና ልንገራችሁ። ሁለት መርጫ ያለውን ፓኬት ከመደርደሪያ ወስዳችሁ ከከፈላችሁ 45 ዶላር ገደማ ነው። ወደ እኔ መጥታችሁ «በኢንሹራንስ አድርግልኝ» ካላችሁኝ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሜሪላንድ ለማንኛውም ነዋሪ የሚሠራ ቋሚ የሐኪም ትእዛዝ ስላላት፣ ሐኪም ቤት ሳትረግጡ በእሱ እሰጣችኋለሁ። ሜዲኬድ ያለው ሰው ቢከፍል ቢከፍል ትንሽ ነው። ዲሲ ውስጥ ደግሞ መታወቂያ ሳይጠይቁ በነፃ የሚሰጡ ቦታዎች አሉ።

በጥር ብርድ አንዲት እናት መጡ። ሰው እስኪያልቅ ከሰላምታ ካርዶቹ ጋ ቆመው ጠበቁ።

«የኔ ልጅ፣ ያ... በአፍንጫ የሚሰጠው አለ?»

«አለ እማማ።»

«ለጎረቤት ነው።»

«እሺ። ጎረቤትዎ ሲተኛ ያንኮራፋል?»

ቀና ብለው አዩኝ። አንድ ሌሊት እንደ ማጓራት ያለ ማንኮራፋት እንደሰሙ፣ የሥራ ድካም ነው ብለው ብርድ ልብስ ደርበውለት በሩን እንደዘጉበት ነገሩኝ። የጎረቤት ልጅ መኝታ ቤት በሌሊት ምን አስገባቸው ብዬ አልጠየቅሁም።

ያ ማንኮራፋት ነው የሚያሳስተን። ኦፒኦይድ ሲበዛ አንጎል «ተንፍስ» የሚለውን ትእዛዝ ያደክመዋል፤ ሰውየው የተኛ መስሎ እየታፈነ ነው። የጤና ማስታወቂያው ከንፈር ሰማያዊ ይሆናል ይላል። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ሰማያዊ አትጠብቁ፤ ከንፈሩና ጥፍሩ አመድ ነው የሚመስለው። ልጁ ከጓደኛው የገዛው ክኒን ፐርኮሴት የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ይመስለዋል፣ ማኅተሙም ቁርጥ እሱን ነው፤ ውስጡ ግን ፌንታኒል የሚባለው ኦፒኦይድ ሊሆን ይችላል። ከሄሮይን ወደ 50 እጥፍ ይበረታል፤ ሁለት ሚሊግራም ለመግደል ይበቃል ይባላል። እስር ቤት ወይም ማገገሚያ ቆይቶ የወጣ ደግሞ ሰውነቱ ስለረሳው የድሮ መጠኑ ራሱ ሊገድለው ይችላል።

እማማን ያሳየኋቸው ይህን ነው። በትከሻው ነቅንቀው፣ ስሙን ጠርተው ካልነቃ 911 ይደውሉ። መርጫውን ለሙከራ አይጫኑት፤ አንዱ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው (ቤታቸው ሞክረው ባዶውን ያመጡልኝ አሉ)። በአንዱ አፍንጫ ይርጩ። ካልተነፈሰ በአፉ እየተነፈሱለት ይቆዩና ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ሁለተኛውን በሌላው አፍንጫ። ሲነቃ ሊቆጣዎት፣ ሊያስመልሰው ይችላል፤ አይቀየሙት። ደግሞም ጥለውት አይሂዱ፤ የመርጫው ኃይል ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው፣ ዕፁ ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል።

«ፖሊስስ?» አሉኝ። በሜሪላንድም በዲሲም ሕጉ ለእርዳታ የደወለውንም የታመመውንም ለራሱ በያዘው ዕፅ እንዳይከሰስ ይከላከልለታል አልኳቸው።

አሁን የራሴን ልናዘዝ። ለወገብ ሕመም ኦክሲኮዶን የሚወስዱ አዛውንት ላይ ሌላ ሐኪም የጭንቀት ክኒን ሲጨምር ስክሪኔ ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ሁለቱ አብረው ትንፋሽ ሊዘጉ ይችላሉ። ግን በቀን ስንት ቀይ ይወጣል መሰላችሁ! ወረፋው በሩ ደርሶ፣ ስልኩ እየጮኸ፣ በጠቅታ ያለፍኩት አለ። ለእነዚህ ሰዎች ናርካን አብሬ መስጠት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። «ሱሰኛ አደረግኸኝ?» ብለው የተቆጡኝ አባት አሉ። እሳቸው ለሱስ አያስፈልጋቸው ይሆናል፤ ግን የተረፈውን ክኒን ወገቤን ላለ ዘመድ ሁሉ ያድላሉ። መድኃኒት ማካፈል እኛ ዘንድ ደግነት ነው።

ሌላም አለ፣ ይህን እንኳ ባልናገር ይሻለኝ ነበር። ቡፕረኖርፊን የሚባል ሱሱን የሚያረጋጋ፣ ሞትን የሚቀንስ መድኃኒት አለ። ሐኪሞች እሱን ለማዘዝ የሚያስፈልጋቸው ልዩ ፈቃድ በ2022 መጨረሻ ተነሥቷል፤ በሩ ተከፈተ ተባለ። በሽተኛው ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ግን «አልቋል» የሚሉ መድኃኒት ቤቶች አሉ። ሁልጊዜ አልቆ አይደለም። አከፋፋዩ ብዙ ካዘዝን ይጠረጥረናል፣ አለቃ «እንዲህ ዓይነት ደንበኛ» አይወድም፤ አዲስ ፊት ሲመጣ «አልቋል» ማለት ይቀልላል። ስለዚህ የሐኪሙ ቢሮ አስቀድሞ ደውሎ መኖሩን ያረጋግጥላችሁ፤ ዓርብ ማታ ደግሞ አትምጡ። ሁለት ቀን ያለ መድኃኒት የከረመ ሰው መንገድ ላይ ያገኘውን ይወስዳል።

በአሜሪካ በ2023 ከመጠን ባለፈ ዕፅ ወደ 105,000 ሰው ሞቷል፤ በዓመቱ ቁጥሩ ወደ 80,000 ወረደ። ናርካን በየኪሱ መግባቱ አንዱ ምክንያት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ የማውቀው የእኛን መስታወት ነው፤ ዛሬም ተቆልፏል። ቁልፉን ግን ኪሴ ውስጥ ነው የማኖረው፤ ሥራ አስኪያጁ አያውቅም። ሰላምታ ካርዶቹ ጋ የቆመ ሰው ካየሁ ደወሉን ሳይነካ እከፍትለታለሁ።

እማማ በመጋቢት ተመልሰው መጡ። ሌላ ፓኬት ፈለጉ። የመጀመሪያው ፓኬት ሁለቱም መርጫ እንዳለቀ ገባኝ።

«ጎረቤትዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፤ ጠዋት ቁርስ በልቶ ወጣ» አሉኝ፣ ፓኬቱን ነጠላቸው ሥር እየከተቱ።