ስሙ ያልታወቀ ድምፅ

የአጭር ሞገድ ራዲዮ ከፍታችሁ መርፌውን ስታዘዋውሩ፣ ንግግርም ዘፈንም ያልሆነ የተቈራረጠ ድምፅ ትሰሙ ይሆናል። የእንዲህ ያለው ድምፅ ምንነት የሚገለጠው በግምት ሳይሆን በልኬት ነው። ለዚህም አንድ ምሳሌ እንመልከት።

በ1976 እ.ኤ.አ. በልዩ ልዩ አገሮች የነበሩ አድማጮች ሥርጭታቸውን የሚያውክ ምት ሰሙ፤ «ግንደ ቆርቁር» ሲሉም ሰየሙት። ዘመኑ የኑክሌር ጦርነት የሚፈራበት ነበርና የሰውን አእምሮ ለመግዛት የተላከ ነው የሚል ወሬ ተነዛ።

የራዲዮ አማተሮች ግን በመጀመሪያ ምቱን ቈጠሩ፤ በየሴኮንዱ ዐሥር ጊዜ፣ ሳይዛነፍ ይመታ ነበር። ኀይለኛና እኩል የተመጠነ ምት ደግሞ የራዳር ጠባይ ነው። ቀጥሎም ከተራራቁ ቦታዎች አቅጣጫው ተለክቶ በካርታ ላይ መስመር ሲሰመር፣ መስመሮቹ በሶቪየት ኅብረት ምድር ተገናኙ። በኋላም እንደ ተረጋገጠው፣ ሞገዱን ከላይኛው አየር እያነጠረ ከአድማስ ባሻገር የሚተኰሱ ሚሳይሎችን የሚጠብቅ ራዳር ነበር። መቀበያ አንቴናው የተተከለው በቼርኖቤል አጠገብ ነው። ድምፁም በ1989 እ.ኤ.አ. ጸጥ አለ።

እናንተም የማታውቁት ነገር ሲገጥማችሁ ለፍርድ አትቸኵሉ፤ አስቀድማችሁ ቍጠሩ፣ ለኩ፣ አነጻጽሩ።